አሮጌ ጨርቅ የተባሉት አሥራ ሁለት ጥላዎች

አለነ ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል። ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ማልገዛ የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። ቀኑን ሙሉ ስንት ኩንታል ያነሳና ያወርዳል፤ ማታ ደረጃውን ሲወጣ ግን እግሩ አይሰማም። ደረጃውን እንዳያሳምመው የሚፈራ ይመስላል። ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር ያለው ሕንጻችን ግድግዳው ስስ ስለሆነ የሁሉም ቤት ጠብ ይሰማናል፤ ከአለነ ቤት የሚሰማው ግን የስፌት መኪና ድምፅ ብቻ ነው።

ማልገዛው እንጀራው ነው፤ ሞያው ሌላ ነው። የኦሪት ቄሶቻችንን የክብር ጥላ ይሠራል። ነገሩ የተጀመረው በአንድ ስግድ፣ ኦሪቱ ወጥቶ በምንጸልይበት በዓላችን ቀን፣ ኢየሩሳሌም ላይ ነፋስ ተነሥቶ የአንድ ቄስ ጥላ ወደ ላይ ሲገለበጥ ነው። ቄሱ እንደ ሳህን የተዘረጋውን ጥላ ይዘው ቀሩ። አለነ ቀስ ብሎ ተቀበላቸውና ቤቱ ወስዶ አደሰው። ከዚያ ወዲህ የተሰበረ ጥላ ያለው ሁሉ ወደሱ ይመጣል። ከፋዩን ከአሮጌው ከተማ ገበያ ይገዛል፤ ወርቃማውን ዘርፍ መጋረጃ ከሚሸጥ ሰው ያገኛል፤ ሽቦውን ደግሞ ሰው አሽዶድ ባሕር ዳር ጥሏቸው ከሚሄዳቸው የተሰበሩ ጥላዎች ይነቅላል። እየሠራ ያለውን ጥላ ከማዕድ ቤቱ ጣሪያ፣ መብራቱ ካለበት መንጠቆ ላይ ዘርግቶ ይሰቅለዋል። ስለዚህ በዚያ ቤት የሚበላው ሁልጊዜ በጥላ ሥር ነው። ሚስቱ ደመቀች እንግዳ ሲመጣ “ዘርፉን ከወጡ አውጣልኝ” ማለት ለምዳለች።

ባለፈው ዓመት፣ ከበዓላቱ ወር በፊት፣ ጎንደር ያለው የአክስቱ ልጅ ደወለለት። እዚያ ወደዚህ ለመምጣት ተራቸውን የሚጠብቁ ዘመዶች አሉን። በስግድ ቀን ኦሪቱ ሲወጣ የሚጋረድበት ጥላ እንደሌላቸው ነገረው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከአንድ ሻይ ቤት ጥላ ተውሰው ነበር፤ ጥላው ላይ የቢራ ማስታወቂያ አለበት። ቄሱ ሲጸልዩ የቢራው ጠርሙስ ልክ ከራሳቸው በላይ ነበር አለው።

 የአለነ የስፌት መኪና ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ይሰማ ጀመር። አሥራ ሁለት ጥላ ሠራ፤ በነገዶቹ ቁጥር። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ከፋይ፤ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ፤ ጫፋቸው ላይ ከመዳብ የተሠራ ሉል። ደመቀች ጠርታኝ ወጥቼ አየኋቸው፤ ቤቱ የንጉሥ ድንኳን መስሎ ነበር። “እንዴት ያምራሉ” አልኩት። “ኧረ እንዲያው ነው እማማ፤ ስፌቱ ጠማማ ነው” አለኝ። ጠማማ ስፌት ፈልጌ አጣሁ።

ጥላዎቹን በካርቶን አሽጎ ዕቃ ወደ ውጭ አገር ለሚልክ ኤሊያቭ ለሚባል ወኪል ወሰደለት። ኤሊያቭ ፈጣን ሰው ነው፤ እያነጋገረህም ይጽፋል። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ሁሉ ምን እንደሆነና ዋጋው ስንት እንደሆነ ለጉምሩክ መነገር አለበት።

“ምንድን ነው ውስጡ?” አለው ኤሊያቭ።

አለነ አንገቱን ደፋ። በኛ ዘንድ ሰርግ ቤት ሙክት እየጎተተ የመጣ ሰው እንኳ “ባዶ እጄን መጣሁ” ነው የሚለው። የገዛ ስጦታውን የሚያወድስ ሰው ምን ይባላል? ስለዚህ አለነ አስተዳደጉ እንዳስተማረው መለሰ።

“ምንም አይደለም። የማይረባ ነገር ነው። አሮጌ ጨርቅ።”

“ዋጋው?”

“ዋጋም የለው።”

ኤሊያቭም “አሮጌ ጨርቅ፣ ዋጋ የሌለው” ብሎ ጻፈና አለነን አስፈረመው።

የጉምሩክ ፈታሾች ካርቶኑን ሲከፍቱ ምን እንዳሉ አላውቅም። አሮጌ ጨርቅ ሲጠብቁ ከፋይና ወርቃማ ዘርፍ ዓይናቸው ውስጥ ሲገባ ሳይደነግጡ አይቀሩም። ለአስተሰርዮ ጾም ዋዜማ ለአለነ ደብዳቤ መጣለት። የላከው ዕቃ ከተናገረው ጋር ስለማይገጥም መቀጮ ተጥሎበታል፤ ጥላዎቹም ተይዘዋል። ደብዳቤውን ያነበበችለት ልጁ ታሊያ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ ልበ ሙሉ ልጅ ናት። ያነበበችለትም ደረጃው ላይ፣ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። እኔ በሩን ከፍቼ ድንች እየላጥኩ ነበር።

“ኢርኡር ጻፍ አባ” አለችው በዕብራይስጥ። ኢርኡር ማለት ውሳኔው እንደገና ይታይልኝ ብሎ ይግባኝ ማመልከት ነው። “ደብዳቤው በደረሰህ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልገባ ቅጣቱ ይጸናል ይላል። ጥላዎቹም በዚያው ይቀራሉ።”

“ከመንግሥት ጋር ልሟገት?” አላት በአማርኛ።

“አትሟገትም። ትጽፋለህ።”

“ሰው የሚጽፈው ሲጣላ ነው። እኔ ከማንም አልተጣላሁም። አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

“ማንን?”

“የተቀየመውን።”

“ማንም አልተቀየመም አባ። ጉምሩክ ነው።”

“ካልተቀየመ ለምን ቀጣኝ?”

ታሊያ ወደኔ ዞረች። እኔ ድንቼን አየሁ።

እንዲህ ሆኖ አለነ ጉምሩክ ቢሮ ሽማግሌ ለመላክ ወሰነ።

የመጀመሪያው ሽማግሌ አባባ ማሬ ነበሩ። ማሬ ያላስታረቁት ባልና ሚስት በሰፈራችን የለም፤ ያልተጣሉትንም አስታርቀዋል ይባላል። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ በአውሮፕላኑ ስንመጣ ሌላው ልጁንና ልብሱን ይዞ ሲሮጥ እሳቸው ነጩን ጭራቸውን ይዘው የገቡ ናቸው። ሁለተኛው ሽማግሌ ባለቤቴ በለጠ ነው። ቀኝ ጆሮው አይሰማም፤ ኪኒኑን ደግሞ እኔ ነኝ የምይዝለት፤ ወደ ቢሮው አብሬ የሄድኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ጉንፋን ይዞት ተኛ። ሽማግሌ ደግሞ ሁለት አይሆንም። ማሬ ብዙ ካሰቡ በኋላ ምድር ቤት የሚኖረውን ኒሲምን መረጡ። ኒሲም ወላጆቹ ከሞሮኮ የመጡ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አማርኛ አያውቅም።

“ምን ልሥራ?” አለ ኒሲም በደስታ።

“ዝም ትላለህ” አሉት ማሬ በዕብራይስጥ።

“ዝም ማለት አልችልም።”

“ለዚህ ነው ነጠላ የምናለብስህ። ነጠላ ያስታውስሃል።”

ታሊያ በማግሥቱ ሂዱ ብላ ነበር። ማሬ ግን በበዓል ሰው ደጅ አይቆምም አሉ። ስለዚህ አስተሰርዮም አለፈ፣ የዳስ በዓሉም ሳምንት አለፈ፤ ከተሰጠው ጊዜ ግማሹ እንዲሁ ሄደ።

የጉምሩኩ ቢሮ ወንበሮች የብረት ናቸው፤ በር ላይ ቁጥር የምትሰጥ ማሽን አለች። ቁጥራችንን ወሰድን። አለነ ከውጭ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቀረ፤ አጥፊ ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይገባም። ቁጥራችን በቀይ መብራት ሲበራ ኒሲም ብድግ አለ። ማሬ በነጠላው ጫፍ ጎትተው አስቀመጡት።

“ተጠራን እኮ” አለ ኒሲም።

“ቁጥር ነው የተጠራው። እኛ አልተጠራንም።”

ቁጥሩ ሦስት ጊዜ በራ። በመጨረሻ መነጽሯን ጭንቅላቷ ላይ የሰካች አንዲት ሴት ከመስኮቷ ወጥታ መጣች። ስሟ ኦስናት ይባላል፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል። “ምን ልርዳችሁ ሳባ?” አለች። ሳባ አያት ማለት ነው። ያን ጊዜ ማሬ ተነሡ፤ በለጠም ተነሣ፤ ኒሲምም እንደገና ተነሣ። ወደ መስኮቱ ሄዱ። ኦስናት ወንበር አሳየቻቸው።

“አንቀመጥም” አሉ ማሬ ቀስ ባለ ዕብራይስጣቸው። “የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም።”

ዘበኛው ሦስት ወንበር አምጥቶ ከኋላቸው አስቀመጠ። አልተቀመጡም። ማሬ የአንድ ሰው ጥፋት ይዘው እንደመጡ፣ ሰውዬው ልጅ እንደሆነ (አለነ ስልሳ ሊሞላው ነው)፣ ልጅ ደግሞ ያጠፋል፣ ትልቅ ይምራል ብለው ተናገሩ።

“መልአክ ነው” አለ ኒሲም።

“ዝም በል” አሉት ማሬ።

ኦስናት የአለነን ጉዳይ ኮምፒውተሯ ላይ አገኘችው። “ሳባ፣ በቃል ልቀበል አልችልም” አለች። “ማመልከቻ መጻፍ አለበት። ጊዜው ሳያልፍ ይጻፍ።”

ማሬ እጅ ነሥተው ወጡ። ፌርማታው ላይ አለነ ፊቱ ጠቁሮ ቆሟል።

“እንዴት ሆነ አባባ?”

“እምቢ አለች” አሉ ማሬ ፈገግ ብለው።

“ተመስገን” አለ ባለቤቴ በለጠ። እሱን በግራ ጆሮው ነበር የሰማው።

ኒሲም ነጠላውን ከትከሻው አወረደ። “እምቢ ስላለች ነው የምታመሰግኑት?”

“በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ ነውር አለባት ማለት ነው” አሉት ማሬ። “ይቺ ጨዋ ናት። በሦስተኛው እሺ ትለናለች።”

ለሁለተኛ ጊዜ የሄድነው በሳምንቱ ነው። ኦስናት ሦስቱን ወንበር አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር፤ ለኔም አራተኛ ጨምራለች። እኔ ተቀመጥኩ። እነሱ አልተቀመጡም። የባለቤቴ ጆሮ እንዴት እንደሆነ ጠየቀች፤ ማሬም ይህን በልባቸው ያዙ። የምትለው ግን ያንኑ ነው። ባዶ የማመልከቻ ቅጽ አወጣችና “ይኸው፣ ይህን ሞልቶ ይምጣ” ብላ ሰጠቻቸው። ማሬ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ አጠፉት፣ በመሐረብ ጠቀለሉት፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። አዛውንቱ ለሽምግልና የሚሰጥ ነገር ሁሉ መያዣ ነው ብለው ያምናሉ፤ መያዣ ደግሞ እርቅ ሳይወርድ አይፈታም።

ሦስተኛውን ጉዞ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ቀጠሩ። ታሊያ ይህን ስትሰማ ማሬ ቤት ሄደች፤ እኔም የተበደርኩትን ምስር ለማሬ ሚስት ልመልስ ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

“አባባ፣ ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነው” አለቻቸው።

“የምን?”

“የማመልከቻው። ከሐሙስ በኋላ አይቀበሉም።”

ማሬ ጭራቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። “ይቅርታ የመጨረሻ ቀን አለው?”

“እዚህ አለው።”

“ሰው ሐሙስ ሊምር የሚችል ከሆነ እሑድ ምን ያግደዋል?”

ታሊያ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በጣቷ አሳየቻቸው። 

“ሦስተኛው ሲጣደፍ የፊተኞቹ ሁለቱም ይፈርሳሉ” አሉ ማሬ፤ ነገሩም አለቀ።

ታሊያ ማመልከቻውን ራሷ ልትጽፈው ትችል ነበር፤ የሚፈርመው ግን አባቷ ነው። አለነ ደግሞ አልፈርምም አለ። “ሽማግሌ ልኮ በጓሮ የሚዞር ሰው ምን ይባላል?” አለ። መስፋቱንም ተወ። ደመቀች መጥታ “ዛሬ የማዕድ ቤቴን ጣሪያ አየሁት፤ ቆሽሿል” አለችኝና ተቀምጣ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። በአለነ ነገር የሚያሳስባት ቅጣቱ ብቻ አልነበረም። የአክስቱ ልጅ በየሁለት ቀኑ እየደወለ “ጥላው ደረሰ ወይ?” ይለዋል። አለነ “እየመጣ ነው” ይላል፤ ከዚያ ስልኩን ይዞ በረንዳው ላይ ብዙ ይቆያል። ጎንደሮቹ የቢራውን ጥላ አንዋሰውም ብለው ለሻይ ቤቱ ነግረዋል።

ሐሙስ ጧት አለነ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ከኤመቅ ሳራ ተመልሶ ሲሮጥ አየሁት። እግሩ ደረጃው ላይ ሲሰማኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። በቀጥታ እዚያው ሕንጻችን ውስጥ ወዳለው የማሬ ቤት ሮጠ፤ እኔና በለጠም ተከተልን።

“ደወለችልኝ” አለ ትንፋሽ እያጠረው። “ከቢሮው። ‘ሦስቱ ሽማግሌዎች የታሉ? ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፤ በቀትር እንዘጋለን’ አለችኝ።”

ማሬ ከአልጋቸው ጠርዝ ቀና አሉ። “ራሷ?”

“ራሷ።”

“ሳንሄድ? ጠራችን?”

“ጠራችን አባባ።”

ማሬ ተነሡ። “በዕድሜዬ ሙሉ የተቀየመ ወገን ራሱ ደውሎ ሲጠራ አላየሁም” አሉ። “ይህን ቀጠሮ ማዘግየት ኃጢአት ነው።” ጭራቸውን ያዙ እንጂ ጫማ አላደረጉም፤ በቤት ነጠላ ጫማቸው ነው የወጡት። ኒሲም በመኪናው ወሰደን። ነጠላውን መኪናው ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ የኋላ መቀመጫው ላይ አጥፎ። አለነም ዛሬ አብሮ ገባ፤ የፊርማ ቀን ነውና። ታሊያ ከሌሊት ሥራዋ በቀጥታ መጥታ በሩ ላይ ጠበቀችን።

“ወረቀቱ?” አለች ኦስናት።

ማሬ መሐረባቸውን በዝግታ ፈቱ። ቅጹ እንደ ተሰጣቸው ባዶ ነበር። ኦስናት ቅጹን አየች፣ ማሬን አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች።

“ያው እዚህ ይጻፍ” አለች። “ዕቃው ምን እንደሆነና ለምን አሮጌ ጨርቅ እንደተባለ።”

አለነ እስክሪብቶውን ያዘ። “ምን ብዬ?” አለ።

“ጥላዎቹ አዲስ እንደሆኑ” አለችው ታሊያ። “ያማሩ እንደሆኑ። በእጅህ እንደሠራሃቸው። ለጸሎት በነጻ እንደሰጠሃቸው።”

አለነ ጆሮው ድረስ ቀላ። “ይህን እኔ ስለ ራሴ?”

“አዎ።”

“አልችልም።”

እስክሪብቶው እንደ ተሰቀለ ቀረ። ኒሲም ነጠላውን አፉ ውስጥ ከተተው፤ ዝም ለማለት መሆኑ ነው። ታሊያ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ ያደረች ልጅ ናት። ያን ጊዜ ማሬ ጭራቸውን አንድ ጊዜ አወናጨፉ።

“ይህ የሱ ሥራ ነው እንዴ?” አሉ። “ሽማግሌ ለምን ተፈጠረ? ልጄ፣ ጻፊ።”

ታሊያ እስክሪብቶውን ከአባቷ እጅ ወሰደች። ማሬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከአለነ አያት ጀመሩ።

“አባባ፣ አያቱን እንለፋቸው” አለች ታሊያ።

“አያቱን ካለፍን እሱ ከየት መጣ?”

“ለአያቱ አንድ መስመር” አለች ኦስናት ሰዓቱን እያየች።

ማሬ በአማርኛ ይናገራሉ፤ ታሊያ በዕብራይስጥ ትጽፋለች። ቄሱ በነፋስ መሐል ሳህን የመሰለ ጥላ ይዘው እንደቀሩ፣ ጎንደር ላይ ከኦሪቱ በላይ የቢራ ጠርሙስ እንደዋለ፣ ሁሉም ተጻፈ። ከዚያ ወደ አሮጌው ጨርቅ ደረሱ። “በኛ አገር በሬ ይዞ የመጣ ባዶ እጄን መጣሁ ይላል” አሉ። “ውሸት አይደለም። ሰጪው ካሳነሰው ተቀባዩ አያፍርም። ይህ ልጅ ወኪሉን እንደ ዘመድ ስለቆጠረው ነው ያጠፋው።”

ታሊያ ይህን ስትተረጉመው ኦስናት መነጽሯን ከጭንቅላቷ አወረደች። “አያቴም እንዲህ ነበረች” አለች። “ለሃያ ሰው ገበታ ዘርግታ የሚበላ የለም ትል ነበር።”

“ጉምሩክ ቀጥቷት ያውቃል?” አለ ኒሲም።

አለነ በዚህ ሁሉ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ እያየ ቆሟል፤ ሲመሰገን መስማት አልቻለም። ሲጠሩት መጣ። ሳያነብ ፈረመ። ቢያነበው አይፈርምም ነበር። ኦስናት ማኅተሙን አሳረፈችና “በጊዜው ገብቷል” አለች። ማሬም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባዶውን በቆመው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የቤት ጫማቸውንም ያን ጊዜ አዩት።

መልሱ ቶሎ መጣ። ቅጣቱ ተነሥቶ ማስጠንቀቂያ ሆነ፤ አለነ የዕቃውን ስም በትክክል አስጽፎ ጥላዎቹ ተለቀቁ። ከስግድ በፊት በአውሮፕላን ሄዱ። የአክስቱ ልጅ በስልክ የላከውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ደመቀች ቤት ተሰብስበን አየን። ቄሶቹ ነጭ ለብሰዋል፤ ኦሪቱ በቀዩ ጥላ ሥር ነው። ሰዉ ሲሰግድ ዘርፉ በነፋስ ይንቀሳቀሳል። ከሩቅ፣ ከአጥሩ አጠገብ፣ ያ የቢራ ጥላም ይታያል፤ ሥሩ አንዲት ሴት ሻይ ትሸጣለች። አለነ ደጋግሞ አስመልሶ ያየው ግን የአንዱን ጥላ ጫፍ ነው። “ሉሉ ዘምሟል” አለ።

ኦስናት ያን ሐሙስ የደወለችው እንዲያው አልነበረም። ረቡዕ ደመቀች ታሊያን ለኦስናት አስደውላት “እባክሽ አንቺ ጥሪያቸው፤ ካልተጠሩ አይመጡም” አስብላት ነበር። ማሬ ይህን አያውቁም። ዓይናቸው ስለደከመ ይህን የጻፍኩትን የምታነብላቸው ታሊያ ናት፤ እዚህ ላይ ስትደርስ ትዘለዋለች ብዬ አምናለሁ።

የሄዱት ጥላዎች አሥራ አንድ ነበሩ። አንዱ ሲፈተሽ ከፋዩ ተቀድዶ ስለነበር ለአለነ ተመለሰለት። ጠግኖት፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ለኦስናት ይዞላት ሄደ። እኔና በለጠ ለጆሮው ሐኪም በዚያው ስለምናልፍ አብረን ገባን።

“ምንድን ነው ይሄ?” አለችው ጥቅሉን እያየች።

አለነ አንገቱን ደፋ። “ምንም አይደለም። የማይረባ አሮጌ ጨ…”

ኦስናት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “አለነ። ያንን ቃል እዚህ ቢሮ ውስጥ ሁለተኛ እንዳልሰማው።”

አለነ ጥቅሉን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ። ከኋላችን ያሉት ሰዎች ቁጥራቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

“ጥላ ነው” አለ በመጨረሻ። “አዲስ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።” ከዚያ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ፣ “ያምራል” አለ።

“ጎሽ” አለች ኦስናት። “አሁን መልሰህ ውሰደው። የመንግሥት ሠራተኛ ስጦታ አይቀበልም።”

አለነ ጥቅሉን አንሥቶ እጅ ነሣና ወጣ። ፊቱ ላይ ቅያሜ የለም፤ እንዲያውም ቀለል ብሎት ነበር። ጥላውም አሁን ከደመቀች ማዕድ በላይ መንጠቆው ላይ ተዘርግቷል። ትናንት ምሳ ጋብዘውን ሄድን፤ ዘርፉን ከወጤ ውስጥ ያወጣልኝ አለነ ራሱ ነው።